ያቺ «እ»

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው።

ሰላም ሰላም። ዱግ ዱግ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እትዬ ናቸው፣ ቡና እየወቀጡ ነው። ሙቀጫውን ወደነዋል ብላችሁ ጽፋችሁልኝ ነበር። ነገርኳቸው። «ታዲያ ይክፈሉኛ» አሉ።

ሳይክሌ አባ ጭቃም ደኅና ነው፣ ለምትጠይቁኝ። ካቴናው ተቀየረ። የኋላ ፍሬኑ አሁንም እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ነበር። ወረቀቱ ይኸው፣ እጄ ላይ ነው። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ፊደል ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጣ እምቢ አለችኝ። «እ»። ሌላ የለም፣ «እ» ብቻ።

ቆይ፣ ከዌልስ ልጀምር፣ እንግሊዝ ጎን ካለችው። አውቃለሁ፣ «ደሞ ዌልስ!» ትላላችሁ። የመጨረሻዬ ነው። ምናልባት።

በሐምሌ እህቴ ጋ የሄድኩ ጊዜ ኢንጂነሩ ይዞኝ እንደሄደ ነግሬያችኋለሁ። ሦስት የአየር ትንበያ አይቶ፣ ሦስቱም ዝናብ ብለውት፣ «ግድ የለም» ያለው ኢንጂነር። ከአዲስ አበባ ክረምት ሸሽቼ የዌልስ ክረምት ውስጥ ገባሁ። ያልነገርኳችሁ ግን የመንገዱን ነገር ነው። ኮይድ ኧ ብሬኒን የሚባል ደን አለ፣ የንጉሥ ደን ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ለተራራ ሳይክል ብቻ ተብሎ የተሠራ መንገድ አለ። በፈረንጅ ከ1990ዎቹ ጀምሮ። በቀለም ተከፍሏል፦ አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ኢንጂነሩ ቀይ አለ። እኔ ሰማያዊ አልኩ። እህቴ መኪና ውስጥ ሻይ አለች።

የገረመኝ ድንጋዩ ነው። አንድ በአንድ ተነጥፏል። ኩርባው ላይ ውጪው ከፍ ብሏል፣ ጎማው እንዲደገፍበት። ውሃው ደግሞ መንገዱ ላይ እንዳይወርድ ወደ ጎን ይሸኛል። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ መንገዱ ግን አለ። እኛ ጋ አንድ ክረምት ያለፈበት መንገድ በመስከረም ቦይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በማግስቱ ወደ ባሕሩ ወረድን። ዶልጌ... ምላሴ እምቢ ያለኝ ያ ከተማ አለ አይደል፣ ከእሱ ተነስቶ ባርማውዝ የሚባል የባሕር ዳር ከተማ ድረስ የወንዙን አፍ ይዞ የሚሄድ መንገድ አለ። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። በፈረንጅ በ1965 ባቡሩ ቀረ፣ ሐዲዱ ተነሳ፣ አሁን ሰውና ሳይክል ይሄድበታል። ኢንጂነሩ ግን ሜዳ አይወድም፣ ወደ ላይ ይዞኝ ወጣ። በግ፣ አጥር፣ በር። በግ፣ አጥር፣ በር። በሩን እንዳገኘኸው ትተወዋለህ፤ ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝግ።

አንዱ በር ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተገጣጠምን። ዱላ ይዘዋል፣ ውሻ አላቸው። እኔ ምን አደረግሁ? ሽማግሌ ናቸዋ! ሳይክሌን ተሸክሜ ዘው አልኩ ጥጉ ላይ። ያውም በቁምጣ። ጥጉ ላይ ደግሞ ሳማ! የእኛው ሳማ! እሳቸው በሩን ከፍተው «ግባ» ይሉኛል። እኔ ሳማ ውስጥ ቆሜ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» እላለሁ፣ በእጅ። ውሻው መሃል ቆሞ ያየናል። (ሳቅ) በመጨረሻ አለፉ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ሰፋ ያለ ቅጠል ቀጠፉ፣ ሰጡኝ፣ እግሬን አሳዩኝ። አየሁት፦ ቱልት። ወይ የቱልት ዘመድ። አያቴ ሳማ ሲለበልበኝ ታሸኝ የነበረው! ከባሕር ዳር ቆሜ አያቴ ትዝ አለችኝ። የናንተው የባሕር ዳር ከተማ አይደለም፣ ያኛው ባሕር።

ኢንጂነሩ በኋላ አስረዳኝ። መንገዱ የፈረስ መንገድ ነው። በፈረንጅ በ1968 የወጣ ሕግ ሳይክል በፈረስ መንገድ እንዲሄድ ፈቀደ፣ ግን ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ይሰጣል ብሎ። «ልክ ነበርክ» አለኝ፣ «ሳማው ውስጥ መግባት ግን ሕጉ ላይ የለም።» ባርማውዝ ወርደን እዚያው ለሳይክል የምትሆን ትንሽ ቃጭል ገዛሁ። እዚያ ቃጭል ማለት «ከኋላህ አለሁ፣ እንዳትደነግጥ» ማለት ነው። ሰዎቹ ዞር ብለው ፈገግ ይላሉ። ደስ አለችኝ። አባ ጭቃ ላይ አሰርኳት።

አሁን... እህ። አሁን ወደዚያ ቅዳሜ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ወደነበረው።

ከፒያሳ 12 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። አራት ኪሎ አዲሱ የሳይክል መንገድ ላይ ቃጭሏን ደወልኩ። ማን ሊሰማኝ! አንዱ ስልክ ያወራል፣ ሁለት ልጆች ፎቶ ይነሳሉ፣ «ወንድሜ አንዴ አንሳን» አሉኝ። አነሳኋቸው። (ሳቅ) ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ዳገቱ። ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ደረሰ። እንጦጦ ጫፉ 3 ሺህ ሜትር ያልፋል፣ ይሄን የምለው ለኢንጂነሩ ነው፣ ስለሚያዳምጥ።

ስወርድ በአስፋልት አልወረድኩም። በባሕር ዛፉ መሃል የምትወርድ ቀጭን መንገድ አለች፣ በሁለት በኩሏ ቦይ ያላት። ጉም ነበር። ጭቃው ረጥቧል። ከፊቴ፣ ሃያ ሜትር ቢሆን ነው፣ አንድ ጭነት አየሁ። ሰው አይደለም ያየሁት፣ ጭነት። ቅጠልና ቅርንጫፍ፣ ከመንገዱ የሰፋ፣ ከሥሩ ሁለት እግር።

ደወልኩ። ሁለት ጊዜ። ቂል ቂል።

ወዲያው ዞረች። ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ጎን። በ30 ኪሎ ሸክም በጎኗ ዞራ አንድ እግሯን ቦዩ ውስጥ አስገባች። ያ ሁሉ ጭነት አብሯት ሲወዛወዝ አየሁ። እኔ እያለፍኩ ነው። ቅርንጫፉ ትከሻዬን ጫር አደረገኝ፣ ቅጠሉ ሸተተኝ። ያኔ ነው «እ» ያለችው። ነፋሱና ያ የሚያለቅስ ፍሬን ቀሪውን በሉት። «እለፍ» ይሁን፣ «እረ ቀስ» ይሁን፣ «እናቴን!» ይሁን አላውቅም። ወይም እግሯ ገብቶ፣ እንዲያው «እህ» ብላ ይሆናል።

አልቆምኩም።

አሁን ሰበብ አለኝ፣ ስሙኝ። በረጠበ ጭቃ ላይ የፊት ፍሬን ከያዝክ ተገልብጠህ ትሄዳለህ። የኋላውን ከያዝክ ይንሸራተትና አንተም እሷም ቦይ ውስጥ ናችሁ። እውነት ነው፣ የሚነዳ ይመሰክርልኛል። ግን ሃያ ሜትር ነበረኝ እኮ። ቃጭል ለመደወል ጊዜ ያገኘ ሰው ፍሬን ለመያዝ... እጁ ያው አንድ እጅ ነው። መሪው ላይ ቃጭሏና ፍሬኑ በአንድ ጣት ርቀት ናቸው።

ሽሮ ሜዳ ደርሼ ስልኬን አወጣሁ። ስትራቫ፣ የሳይክል ጉዞዬን የሚመዘግበው መተግበሪያ፣ «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። በዚያች ቁልቁለት የራሴን ምርጥ ሰዓት አስመዝግቤያለሁ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ያንን ልንገራችሁ። ፒያሳ እስክደርስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ማኪያቶም ጠጣሁ።

በነገራችን ላይ ባሕር ዛፍ የሚለው ስም አይገርማችሁም? በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ባሕር ዛፍ ተባለ። ባሕሩ የለንም፣ ዛፉ አለን። ከተማው ማገዶ ጨርሶ እንዳይሰደድ ያደረገው እሱ ነው ይላሉ። ዛፉን ማን እንዳመጣው እንከራከራለን፣ ከዚያ ተራራ ወደ ከተማ ያወረደው ማን እንደሆነ ግን... ማንም አይከራከርም፣ ስለሚታወቅ ነው መሰለኝ።

እና ያቺ መንገድ። ድንጋይ የነጠፈላት የለም። ቀለም የላትም፣ ቀይ ትሁን ጥቁር። የጠረገቻት የእግር ብዛት ናት። የእነሱ እግር። እኔ «ምርጥ ትሬይል» ብዬ ለጓደኞቼ ቦታውን ልኬላቸዋለሁ።

ቃጭሏን ልፍታት ብዬ ነበር። ከዚያ ደግሞ ያለ ቃጭል ከኋላቸው ስደርስባቸው ይብሳል። ወርጄ በእግሬ ልለፍ? ያስኬዳል። ግን ወርጄ «ይቅርታ እማማ» ብል ለእሷ ምን ያደርግላታል፣ ያው ሸክሙን ይዛ ቆማ ልታናግረኝ ነው። በአስፋልቱ እወርዳለሁ ማለትም አለ። ብቻ... አላውቅም።

ያለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። በእግሬ። አራት ሴቶች ሲወርዱ አገኘሁ፣ ጥጉን ያዝኩላቸው። አንዷ «ምን ሆነህ ነው የቆምከው፣ ጠፍቶብህ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ እለፉ» አልኩ። ሳቁብኝ። ከእነሱ አንዷ ትሁን አትሁን አላውቅም። ፊቷን አላየሁትማ። ድምፅ ልለይ ብዬ ነበር፣ በአንዲት «እ» ግን ማንን...

እትዬ! መጣሁ! ...አቦል ደርሷል። ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው። አባ ጭቃ በሩ ላይ ቆሟል፣ የዚያን ቀን ጭቃ እስካሁን ጎማው ላይ ነው፣ አላጠብኩትም። ስለ ቤት ኪራዩ በሚቀጥለው... መጣሁ አልኩ እኮ እትዬ!