ከቀብር ማርሹ በኋላ

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣

ዛሬ ማምሻውን የምናዳምጠው የሙዚቃ ደራሲው የፍሬደሪክ ሾፓን ሁለተኛ የፒያኖ ሶናታ፣ ማለትም በአራት ክፍሎች የተዋቀረ የፒያኖ ሥራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ከታተመበት ጊዜ አንሥቶ አድማጭን ሲያከራክር የኖረ ሥራ ነው። ሦስተኛ ክፍሉን፣ የቀብር ማርሹን (የቀብር ሰልፍ ሙዚቃውን)፣ የፒያኖ ሙዚቃ የማያዘወትር ሰው እንኳ ሲሰማው ያውቀዋል፤ ደራሲው በ1849 ፓሪስ ውስጥ ባረፈ ጊዜም በማድሌን ቤተ ክርስቲያን በተደረገለት ጸሎተ ፍትሐት ላይ ለኦርኬስትራ ተቀናብሮ ተሰምቷል። ክርክሩ የሚበረታው ግን ከማርሹ ቀጥሎ በሚመጣው የመጨረሻ ክፍል ላይ ነው።

ይህ ክፍል ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሁለቱ እጆች በኦክታቭ፣ ማለትም በስምንት ድምፅ ርቀት፣ ተራርቀው አንድ ዓይነት ኖታ በከፍተኛ ፍጥነትና በለሆሳስ ይጫወታሉ። የሚያንጎራጉሩት ዜማ የለውም፤ ጆሮም የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም፤ በመጨረሻ በአንድ ኃይለኛ ምት ድንገት ያበቃል።

ሾፓንን ገና በ1831 ለጀርመን አንባቢዎች በአድናቆት ያስተዋወቀው የሙዚቃ ደራሲና ሐያሲ ሮበርት ሹማን፣ በ1841 በጻፈው ሂስ ይህን ሶናታ አራት ቅብጥብጥ ልጆችን በአንድ ላይ እንደ ማሰር ቈጠረው። በማርሹ ቦታ የተረጋጋ አዳጅዮ፣ ማለትም ዝግ ያለ ክፍል፣ ቢገባ ይሻል እንደነበር ተናገረ፤ የመጨረሻውን ክፍል ደግሞ ሙዚቃ አይደለም አለ። ይሁንና ያ ክፍል በሚያስፈራ መንፈሱ ይዞት ሳያጉረመርም እስከ ፍጻሜው እንደሚያዳምጠው አልደበቀም። እኔ ከፍርዱ ይልቅ ይህን ምስክርነቱን አምናለሁ።

ብዙዎች በዚህ ክፍል ውስጥ በመቃብር ላይ የሚነፍስ ነፋስ ይሰማቸዋል። ሾፓን ራሱ ግን በ1839 ለወዳጁ ሲጽፍ፣ ከማርሹ በኋላ ግራ እጅና ቀኝ እጅ በአንድ ድምፅ ያወጋሉ ከማለት አላለፈም። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ ይህን ወግ ያውቀዋል፤ በሟቹ ቤት ከቀብር መልስ፣ እንባ ገና ሳይደርቅ በዝቅተኛ ድምፅ የሚጀመረው ወሬ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ከሶናታው ጋር አይሄድም የሚሉትን ልቀበላቸው አልችልም፤ ማርሹን እውነተኛ ሐዘን ያደረገው እርሱ ነውና።

ሌላው ክርክር ስለ ተጫዋቹ ነፃነት ነው። ሩሲያዊው ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ሰርጌይ ራህማኒኖቭ በ1930 በቀረጸው ሸክላ ላይ፣ ከማርሹ መካከለኛ ለስላሳ ዜማ በኋላ ማርሹን ሾፓን ከጻፈው ውጭ በኃይል እንደገና ይጀምርና ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል፤ ሰልፉ በፊታችን አልፎ የሚርቅ ይመስላል። ውበቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን እንዲህ ሲሆን መንገድ ዳር ቆመን አስከሬን እናሳልፋለን፤ ሾፓን በጻፈው መሠረት ሲጫወቱት ግን ከተሸካሚዎቹ ጋር አብረን እንራመዳለን፤ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ፒያኒስቷ ዛሬ ከማርሹ ወደ መጨረሻው ክፍል ያለ ዕረፍት ስለምትሻገር፣ በመካከል ጭብጨባ እንዳይኖር በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሥራው እንዳበቃ መብራት ከመብራቱ በፊት ጥቂት ጊዜ በጸጥታ እንቆያለን፤ ከዚያም የሰማችሁትን ከእናንተው አንደበት እናደምጣለን።