አውራ ጣቴ አየር ላይ ነበር

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ፍሬን ላወራ ነበር። ትቼዋለሁ። ዊንቹ፣ ያ መኪና ላይ ታስሮ ገመድ እየጠቀለለ የሚስበው ማሽን፣ ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

አዎ፣ ዊንቹ ገብቷል። ጭነት መኪናችን ጎሽ ላይ ታስሯል። ባለ 24 ቮልት ነው፣ ባለ 12 አይደለም። «ለምን ባለ 12 አልሆነም?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ስለጻፋችሁልኝ አንዴ ልመልሰውና ልለፍ። ጎሽ ኤም 35 ኤ 2 የሚባል የአሜሪካ ወታደራዊ ጭነት መኪና ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 24 ይሰጡታል። «ከአንዱ ብቻ 12 ብንጠልፍስ?» ትሉኛላችሁ። አይሆንም። የተጠለፈው ባትሪ ይራቆታል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል። ቻርጅ የሚያደርጋቸው እኮ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው። የትኛው ባዶ እንደሆነ በምን ያውቃል? ትንሽ ቆይተው ሁለቱም ይሞታሉ። በዚያ ላይ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ጉልበት የሚያስፈልገው አምፔር በግማሽ ይወርዳል።

ያም ሆኖ ቀላል አምፔር እንዳይመስላችሁ። ባትሪዎቹ ያሉት በረዳት ወገን ከመርገጫው ስር ነው። ዊንቹ ፊት ለፊት ነው። ኬብሉ ሄዶ መመለሱ ሲደመር 10 ሜትር ይጠጋል። 25 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል ብንዘረጋ፣ 250 አምፔር ሲያልፍበት 1.7 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሙቀት ሆኖ። 70 ካሬ ነው የዘረጋነው። በሱ ወደ 0.6 ይወርዳል። ኔጌቲቩንም ሻንሲ ላይ አላሰርነውም። ቀለምና ዝገት ያለበትን ብረት ማን ያምናል? እስከ ባትሪው ድረስ የራሱን ኬብል ሰጠነው። ጋሼ የተጨመቁትን ጫፎች አንድ በአንድ እየጎተቱ ፈተኗቸው። ጋሼን ታውቋቸው የለ፤ እሳቸው ካልጎተቱት ታሰረ አይባልም።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ሥራው ንጹሕ እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው። ለዚህም ነው እስካሁን ያልተዋጠልኝ።

እሺ። ገመዱ አዲስ ስለሆነ በጭነት መጠቅለል ነበረበት። ላልቶ ከተጠቀለለ በኋላ ላይ ሲጎትት የላይኛው ዙር በታችኛው መሀል ይሰምጣል። ስለዚህ መንጠቆውን ዛፉ ላይ በቀበቶ አሰርን። ጎሽ ዜሮ ማርሽ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ካቢን ውስጥ ሆኖ ፍሬኑን ትንሽ ትንሽ ይይዛል። እኔ ከጎን ሪሞቱን ይዣለሁ። ጋሼ በረዳት ወገን ቆመዋል። ገመዱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል አድርገናል፤ ቢበጠስ እንዳይገርፍ።

ተጫንኩ። ሳበ። ደስ ይል ነበር። ዙሩ ጎን ለጎን እየተኛ፣ ጎሽ ቀስ እያለ ወደ ዛፉ። ከዚያ ለቀቅኩ።

አልቆመም።

መጀመሪያ ያየሁት ዊንቹን አይደለም። ጣቴን ነው። አውራ ጣቴ አየር ላይ ነበር። አዝራሩም ተመልሶ ወጥቷል። ገመዱ የሚጠቀለልበት ድራም ግን ይዞራል። «እየተጫንኩ ይሆን እንዴ?» አልኩ። ጣቴን እያየሁት! ያቺን ቅጽበት ነው ደጋግሜ የማያት። ዓይኔ እያየ እጄን አላመንኩትም።

ወንድሜ ጎሽ መሄዱን እንዳልተወ ሲያይ ፍሬኑን ረገጠው። ማንም የሚያደርገውን ነው ያደረገው። መኪና አልቆም ሲል ፍሬን ይረገጣላ። ግን እዚህ ላይ ፍሬን ጭነት ነው። ዊንቹ አልሄድ ያለውን ነገር ይበልጥ ይስባል። ጎሽ ባዶውን ወደ 5,900 ኪሎ ነው፤ ዊንቹ ደግሞ እስከ 6,800 ኪሎ እንዲስብ የተሠራ ነው። የገመዱ ድምፅ ተለወጠ። የፊት እግሮቹ ዝቅ አሉ። «ልቀቀው! ፍሬኑን ልቀቀው!» ብዬ ጮህኩ። እንዴት እንደሰማኝ እንጃ። ለቀቀው።

በዚህ መሀል ጋሼ ወደ ባትሪው ሳጥን ደርሰዋል። አልሮጡም። ከገመዱ መስመር ራቅ ብለው በጎን ሄዱና ዋናውን ማጥፊያ አዞሩት። ጸጥ አለ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ «እጅህ ለቆ ነበር?» አሉኝ። «ለቆ ነበር ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ኮንታክተሩ ነው» አሉ። አዝራሩ ሲጫን ኃይሉን ከዊንቹ ሞተር ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ ማለታቸው ነው። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። እኔ ራሴን ያላመንኩትን እሳቸው አመኑኝ። ይሄ... ይሄ ነገር ልቤን ነካው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለማንኛውም።

የኮንታክተሩን ሳጥን ስንከፍት እውነትም እሱ ነው። ሁለቱ የመዳብ ፊቶች ተጣብቀዋል። በመፍቻ እጀታ መታ ሲያደርጓቸው ጠቅ ብለው ተላቀቁ። ፊታቸው ላይ እንደ ሽምብራ ያበጠ፣ ቀልጦ የረጋ መዳብ አለ። ቮልት ሲወርድ ኮንታክተር በደንብ አይዘጋም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይፈናጠራል፣ ይበየዳል። ግን ኬብሉ 70 ነው አልኳችሁ እኮ! ምናልባት ባትሪዎቹ ራሳቸው ወርደው ይሆናል። የጎሽ ሞተር ዝቅ ባለ ዙር ነበር የሚሠራው። ወይ ዕቃው ከመጀመሪያው... አላውቅም። እንዲህ ነው ብዬ አልፈርድም።

አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ «ወደ ውጭ» የሚለውን አዝራር አትንኩ። አንዱ ኮንታክተር ተጣብቆ ሳለ ሌላው ከተዘጋ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ፊት ለፊት ሊገናኙ ይችላሉ። ማጥፊያው ነው መፍትሔው።

ገመዱንስ? ተወጥሮ ቀረ። ኃይል ሲቋረጥ የዊንቹ የውስጥ ፍሬን ይይዛል፤ በተወጠረ ገመድ ላይ ድራሙን ነጻ የሚለቀውን ክላች መፍታት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ጎሽን አስነስተን ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርገን አላላነው።

ማታ ጋሼ የፋብሪካውን ዊንች አነሱ። ለኤም 35 የሚሠራው፣ ከማርሽ ሳጥኑ በዘንግ የሚዞረው። ጎሽ የለውም። 10,000 ፓውንድ ነው፣ 4.5 ቶን ገደማ። ከእኛው ያነሰ ነው። ግን ዘንጉ ላይ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ፒን አለ። ጭነት ሲበዛ ገመዱ ሳይበጠስ ፒኑ ይሰበራል። ይህን ያሰበው ሰው ይገርመኛል። ሰው እንደሚደነግጥ አውቆ ነው የሠራው። እጅህ ለቀቀ አልለቀቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ፒኑ ይሰበራል፣ አለቀ።

የእኛው ፊውዝ ለዚያ አይሆንም። ዊንቹ በሙሉ ጉልበቱ እንዲስብ የሚፈቅድ ፊውዝ ያን ጊዜ መቼ ይቃጠላል?

እና ምን ላድርግ? ፑሊ፣ ገመዱ ዞሮ የሚመለስበት መንኮራኩር፣ ልጨምር አስቤያለሁ። ገመዱ በእጥፍ ሲመጣ የዊንቹ ሞተር ጭነት በግማሽ ይቀንሳል፤ አምፔሩም አብሮ። ደስ ይለኛል። ግን የተጣበቀ ኮንታክተርን ፑሊ አያላቅቀውም። ካቢን ውስጥ ሁለተኛ ማጥፊያ ላስገባ? ወንድሜ እጁ ሥር ይኖረው ነበር። ኬብሉ ግን ይረዝማል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቮልቱ ሲወርድ ደግሞ... አያችሁ? እዚያው ተመለስኩ። በሽቦ የሚጎተት ማጥፊያ አለ ይባላል፣ የባትሪው ሳጥን አጠገብ ሆኖ ከካቢን የሚሳብ። ወይ ሁሉንም ነቅዬ የፋብሪካውን ልፈልግ? ጋሼ አንደኛቸውንም አልመረጡም። «ብቻህን ስትሆን የቱ ጋ ነው የምትቆመው?» ነው ያሉኝ። ሪሞቱ ከፊት ነው፣ ማጥፊያው ከጎን... በዚያኛው ወገን ብቆም ደግሞ ገመዱን አላየውም። እስኪ ቆዩ፣ የሪሞቱ ሽቦ ቢረዝምስ...