ፕሉቶንም ያልመጣ ሰው አላዳናትም (የሰማይ ተመልካቾች ማህበራችን ዓመታዊ ስብሰባ መክፈቻ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ፣ በዚህ ጉም ከቤት ለወጣችሁ እግዜርም አላህም ይስጥልን፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ለመጣችሁት የኮምቦልቻ ልጆችማ በተለይ። ክቡራን እንግዶች ምናምን የሚለውን ልዝለለው፣ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው።

የዓመቱ ስራ፣ ሶስት ትምህርት ቤት ሄደናል፣ ሁለት ማታ ጨረቃ አሳይተናል፣ መዋጮ አልሞላም። በቃ። አንዷን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከፀሐይ እስከ መሬት አንድ እርምጃ ብለን ልጆቹን ሜዳ ላይ ደረደርናቸው፣ ድንክ ፕላኔቷን ሴሬስን የያዘችው ማርስና ጁፒተር መሀል ሶስት እርምጃ ሳትሞላ ቆመች፣ ኔፕቱን 30፣ ፕሉቶ 40 ገደማ፣ ሀውሜያና ማኬማኬ የሚባሉት ድንክ ፕላኔቶች 50 አካባቢ። ሌላዋ ድንክ ፕላኔት ኤሪስ ግን አሁን ያለችው 96 ላይ ነው፣ ግቢው አለቀ! ልጁ ካርቶኑን እንደያዘ በር አልፎ ሱቅ ጋ ቆሎ ሲበላ ተገኘ፣ ዘበኛው ደግሞ ተመልሶ አይገባም ብሎ ስንት ለመንነው።

አሁን ወደ ቁስሌ። ሐምሌ ላይ ቴሌስኮፑ የት ይቀመጥ ብለን ስብሰባ ጠራን፣ 11 ሰው መጣ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅብን ደሴ ላይ ምንም አይታይም ተባለና 7 ለ 4 ኮምቦልቻ ይውረድ አልን። በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ያልመጣው ሁሉ ተነስቶ "ማን ወክሏችሁ?" ኧረ በአላህ፣ ወንበሩ ባዶ ነበር እኮ!

ፕሉቶም እንዲሁ ነው የሆነችው። ኤሪስ በ2005 በፈረንጆቹ ስትገኝ ከፕሉቶ ትበልጣለች ተባለ፣ እንግዲህ ወይ አስረኛ ፕላኔት ትሁን ወይ ሁለቱም ይውጡ። በ2006 ፕራግ ላይ የዓለም አስትሮኖሚ ህብረት ተሰበሰበ፣ ፀሐይን መዞር፣ በራስ ስበት ክብ መሆን፣ የምህዋርን ሰፈር ማጽዳት (በመንገዷ ላይ ሌላ የሚፎካከራት እንዳይኖር) የሚሉ ሶስት የፕላኔትነት መስፈርት ወጡ፣ ፕሉቶ ሶስተኛው ላይ ወደቀችና ድንክ ፕላኔት ተባለች። ስንት ሺህ አባል ካለው ህብረት ድምፅ የሰጠው 424 ሰው ገደማ ነው፣ ያልነበሩት እስከዛሬ ያጉረመርማሉ። በ2015 ኒው ሆራይዘንስ የምትባለው የናሳ መንኮራኩር አጠገቧ ሄዳ ስትለካት ደግሞ ፕሉቶ ወርዷ 2,377 ኪሎ ሜትር ሆና ኤሪስን በ50 ኪሎ ሜትር በለጠቻት፣ በክብደት ግን አሁንም ኤሪስ ናት። እኔ ራሴ ዘጠኝ ብዬ ሸምድጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ያመኛል፣ ግን ወርዳ ቀረች።

እና የማትመጡት፣ ፕሉቶ እንኳ በ248 ዓመት አንዴ ትቀርባለች፣ ከ1979 እስከ 1999 ከኔፕቱን አልፋ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። እናንተ የመስከረምን ቡና እንኳ አልጠጣችሁም። አንዱማ፣ ስሙን አልጠራም ራሱ ያውቃል፣ የቴሌስኮፑን እግር ይዞ ስልክ አያነሳም፣ ቱቦው ብቻ ኮምቦልቻ የደረሰ መሳሪያ ምን ላይ ይቁም? ወንድሜ፣ አብሽር፣ አልተቀየምንህም፣ አንተ መምጣት ካልፈለግክ ለልጅህ ስጥና ነገ ከሰኞ ገበያ በፊት ይላክልኝ፣ የባጃጁን እኔ እከፍላለሁ።