በአላስካ መንገድ የት እንቁም? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ አላስካና በካናዳ ሰሜን ስላለው የዩኮን ግዛት ጉዞ ባወራን ማግስት ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል። የተራራና የድብ ጥያቄ ይበዛል ብዬ ነበር። እናንተ ግን የጠየቃችሁኝ መንገድ ዳር ስለሚታዩት ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ነው። ደስ ብሎኛል፤ እኔም በዚያ መንገድ የምወደው እነሱን ነው።

«በሐምሌ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከካናዳ ወደ አላስካ በመኪና ልንሄድ ነው። ልጆቹ ዛፍ ብቻ ማየት ይሰለቻቸዋል። አንድ ቦታ ብቻ ቁሙ ቢሉን የት ይሉናል?»

ዋትሰን ሌክ፣ እህቴ። ምንም አላመነታም። ዩኮን ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ የታቤላ ጫካ አለ።

ነገሩ የጀመረው በ1942 ነው። ጃፓን የአሜሪካን የጦር ወደብ ፐርል ሃርበርን ከመታች በኋላ አሜሪካ ወደ አላስካ የሚያደርስ መንገድ በጥድፊያ ትሠራ ነበር። ከ10,000 በላይ ወታደሮች በስምንት ወር ገደማ ጫካውንና ረግረጉን ጥሰው አወጡት። ከእነዚህ ሲሶ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ይህ ለረጅም ጊዜ ሳይነገርላቸው ቀርቷል። ካርል ሊንድሊ የሚባል ተራ ወታደር የአቅጣጫ ምልክት እንዲጠግን ታዘዘ። አገሩ ናፍቆት ነበርና የከተማውን የዳንቪል ኢሊኖይን ስምና ርቀት ጽፎ እዚያው ቸነከረ። ሌላው አየና የራሱን ጨመረ። ከዚያ በኋላ ማንም አላቆመውም። ዛሬ ከ80,000 በላይ ሰሌዳ አለ።

ከመኪና ወርዳችሁ በምሰሶዎቹ መሃል ግቡ። የመኪና ታርጋ አለ፣ የመንገድ ስም አለ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል የከተማ መግቢያ ታቤላ አለ፣ በልጅ እጅ የተቀባ ጣውላ አለ። የአንዳንዱ ቀለም ረግፎ ስሙ በጣት ካልተዳሰሰ አይነበብም። ልጆቹ ከቤት ሳይወጡ ጣውላ ይቀቡ፤ ስማቸውንና ዓመቱን ይጻፉበት። ምስማሩን አትርሱ። የራስን ሰሌዳ መስቀል የተፈቀደ ነው።

«አላስካ ውስጥ ሰሜን ዋልታ የሚባል ከተማ አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ዋልታው እዚያ ነው?»

አይደለም። ኖርዝ ፖል የከተማው ስም ብቻ ነው፤ ከእውነተኛው ዋልታ ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፌርባንክስ ከሚባለው የአላስካ ከተማ ብዙም አይርቅም። የመብራት ምሰሶዎቹ ቀይና ነጭ ሸንተረር ያለው የገና ከረሜላ መስለው ተቀብተዋል። ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የገና አባት ሐውልትም መንገድ ዳር ቆሟል። ትንሽ ልጅ ካለ ይቆማል፤ ከሌለ ፎቶ አንስቶ ማለፍ ይበቃል።

«ከአንኮሬጅ ወደ ፌርባንክስ ስንነዳ ትልቅ ነጭ የበረዶ ቤት የመሰለ ሕንፃ አየን። ሰው የለበትም። ምንድን ነው?»

ኢግሉ ሲቲ ይሉታል፤ ካንትዌል አጠገብ ነው። በ1970ዎቹ ሆቴል ይሆናል ተብሎ የተጀመረ ባለ አራት ፎቅ ቤት ነው። አንድም እንግዳ ሳያሳድር ቀረ። መስኮቶቹ የሕንፃ ደንቡን አላሟሉም። እስኪ አስቡት፣ ያን ሁሉ ደክሞ በመስኮት ምክንያት መቅረት! ሳየው ያሳዝነኛል። ከውጭ እዩት፣ ወደ ውስጥ ግን አትግቡ፤ የተተወ ቤት ነው፣ ወለሉ አይታመንም።

«ዩኮን ውስጥ በረሃ አለ የሚባለው እውነት ነው?»

አሸዋው እውነት ነው። ያለው ካርክሮስ በምትባል መንደር ነው፤ ከዩኮን ዋና ከተማ ከዋይትሆርስ በስተደቡብ ናት። የአሸዋው ስፋት 2.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «የዓለም ትንሹ በረሃ» ይሉታል። በሳይንሱ ግን በረሃ አይደለም፣ በረሃ ለመባል ዝናቡና በረዶው ይበዛል። የበረዶ ግግር ሲቀልጥ የፈጠረው ሐይቅ ደርቆ፣ ወለሉ ላይ የቀረውን አሸዋ ንፋስ ይገፋዋል። ጫማ አውልቁና ውጡበት፤ ከፊታችሁ በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያችኋል።

ዋይትሆርስ ከደረሳችሁ ደግሞ የትራንስፖርት ሙዚየሙ ጋ ጎራ በሉ። አሮጌ ዲሲ-3 አውሮፕላን ምሰሶ ላይ ተሰክቶ የንፋስ አቅጣጫ ያሳያል። ቀላል ንፋስ ሲነካው ያ ሁሉ ብረት ቀስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ታገሡና ሲዞር እዩት።

«ልጄ፣ እኔ ሸምግያለሁ። ልጆቼ አንኮሬጅ አጠገብ ባለቀለም ትናንሽ ቤቶች ሊያሳዩኝ ይፈልጋሉ። መቃብር ነው ይላሉ። ሄጄ ባይ ነውር ይሆናል?»

ነውር የለውም፣ አባቴ፤ በአክብሮት ይሂዱ። ቦታው ኤክሉትና ይባላል፣ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የዴናኢና ሰዎች ቀዬ ነው። ሩሲያውያን ሚስዮናውያን የኦርቶዶክስ እምነትን አምጥተውላቸዋል፤ እነሱም የራሳቸውን ልማድ አልጣሉም። በመቃብሩ ላይ ብርድ ልብስ ያለብሳሉ፣ ከላዩ የጉልበት ቁመት ያላት የእንጨት ቤት ያቆማሉ። ቀለሙ የቤተሰቡ ነው፤ ስለዚህ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ ከቀለሙ ይለያል። አጠገቡ መስቀል ይቆማል። ቤቷ ስታረጅ አያድሷትም፣ ወደ አፈር እንድትመለስ ይተዋታል።

ስለዚህ ያጋደለ ጣሪያ ቢያዩ ዘመድ የረሳው አይምሰልዎ። ልጆቹን አንድ ነገር አደራ ይበሉልኝ፦ ከመንገዱ እንዳይወጡ፣ ቤቶቹን እንዳይነኩ። ይህን ቦታ ከገና አባት ሐውልት ጋር አንድ ላይ መጥራቴ ራሱ ይከብደኛል። ግን ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ያለ በመሆኑ ብዙ ሰው ሳያውቅ ያልፈዋል።

«ቺከን የሚባል ከተማ አለ? ዶሮ ማለት ነው?»

አዎ፣ አላስካ ውስጥ አለች፤ ትርጉሙም ዶሮ ነው። የወርቅ ቆፋሪዎቹ ከተማዋን ታርሚጋን በሚባለው የበረዶ አገር ወፍ ሊሰይሟት ፈልገው እንደነበር ይነገራል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጀመሪያው ላይ የማይነበብ ፊደል አለው። አጻጻፉ ላይ መስማማት ሲያቅታቸው «ዶሮ» ብለው ተገላገሉ። ትልቅ የብረት ዶሮም አቁመውላታል። በበረዶው ወራት መንገዱ ስለማይጠረግ በበጋቸው ብቻ ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ታንኩን ሙሉ፣ ተጠባባቂ ጎማውንም ፈትሹ።