ደብተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤያችን በደኅና መጣችሁ።

ምልዓተ ጉባኤው በመሟላቱ በቀጥታ ወደ ዋናው አጀንዳ ልግባ። የቁጠባ መዝገባችንን ወደ ኮምፒውተር እናስገባ ወይስ ይቅር? አቋሜን አልደብቅም፤ እናስገባ ባይ ነኝ።

ስለ ጥቅሙ ብዙ አልደክምም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ወርኃዊ ቁጠባ ለማስገባት ብሎ ከሥራ አስፈቅዶ የሚመጣ አባል እያነሰ ነው። ገንዘብ ያዣችንም ያረጀ ብር ከመቁጠር በመጠኑ አርፋለች።

ብድሩ ላይ ግን ልቆይ። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው «ቴሌብር መላ» ያለ መያዣ ያበድራል፤ የብድሩን መጠን የሚወስነው የደንበኛውን የገንዘብ እንቅስቃሴ አይቶ ነው። ዋስ ፍለጋ የሰው ደጅ የጠና ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቃል። እኛ ዘንድ ዋስ የሚሆነው ሰው ከመፈረሙ በፊት «ለምን ፈለግኸው? ሌላ ዕዳ ልትከፍልበት ነው?» ብሎ ያፋጥጣል። ያስቀይማል፤ ስንቱን ግን ከዕዳ አድኗል! ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በስልኩ ለሚበደር ሰው «ይደር» የሚለው ማን አለ?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውንም ታስታውሳላችሁ። ባንኩ እንደገለጸው የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ የራሱ የሥርዓት ስህተት ነበር። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ490,000 በላይ ግብይቶች ተካሂደው በአውጪዎቹ ሒሳብ ውስጥ ያልነበረ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። በእኛ መዝገብ አንዲት ዜሮ ብትሳት ባለቤቱ ደብተሩን ይዞ በማግስቱ መስኮቱ ላይ ይቆማል፤ ጩኸቱም እስከ ግቢው በር ይሰማል።

ስለዚህ ሥራ አመራር ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ለአንድ ዓመት ኮምፒውተሩና የእጅ መዝገቡ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ደብተራችሁ በእጃችሁ ይቆይ፤ የቁጥጥር ኮሚቴውም ሁለቱን በየወሩ ያመሳክር። ድርብ ሥራ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኞቻችን ከወዲሁ ፊታቸውን አጥቁረውብኛል።

እስከዚያው «ዕጣ ወጥቶልዎታል» ብሎ የምስጢር ቁጥራችሁን የሚጠይቅ ሰው ቢደውል፣ የማኅበራችንን ስም ቢጠራም እንኳ ዝጉበት። ሊቀ መንበሩ ነኝ ቢላችሁም ዝጉበት፤ አልቀየምም።

አሁን የቁጥጥር ኮሚቴው ሪፖርቱን ያሰማን። ጉባኤው ተከፍቷል።