ሁለት ክር

እሺ… እየቀዳ ነው። ሰላም። ውሻው ይሰማችኋል አይደል? ያው እሱ ነው። ዛሬ ዝም እስኪል አልጠብቅም፤ ከጠበቅኩ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ሙዚቃውን የሠራሁለት የሽሮ ሜዳው ፊልም አለቀ፣ የሸማኔዎቹ። ቅዳሜ ለሰፈሩ ሰው አሳየን። ከዚያ ወዲህ ክራሩን አልነካሁትም።

ፈታይዋ እማማ ናቸው። ትዝ ይሏችኋል፣ ነግሬያችኋለሁ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፣ ከዚያ እጃቸው ቆም ይልና መንገዱን ያያሉ። ንግግር የለም። 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። ዳይሬክተሩ «እዚህ ጋ ሙዚቃ ይግባበት» አለኝ። መጀመሪያ በትዝታ ሜጀር ሞከርኩት፤ ቀለለብን። ከዚያ «ሚ» የሚባለውን ኖታ ክር በግማሽ ድምፅ አላላሁ፣ የ«ላ»ንም እንደዚያው። ሌላ ምንም አልነካሁም። ሁለት ክር ብቻ ላላ፣ ቅኝቱ ትዝታ ማይነር ሆነ፣ ኀዘን ያለበት። ኤዲተሩ ዓይኑን ጠረገ። እኔም አለቀስኩ። በቃ፣ አገኘሁት አልኩ።

ቅዳሜ እማማ ከፊቴ ነው የተቀመጡት። ያ ቦታ ሲደርስ ከኋላ የሆነች ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ እኔን። ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ምን ሆኜ ነው?»

«ኧረ ምንም አልሆኑም እማማ።»

«ታዲያ ምነው አዘኑልኝ? የልጅ ልጄ ትመጣለች ብዬ እኮ ነው መንገድ የማየው።»

ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደስ ብሏቸው ነበር እኮ! ፊታቸውን ስንት መቶ ጊዜ ነው ያየሁት፣ እንዴት…

ሥራ ስጀምር የእርዳታ ፊልሞች ነበሩ የሚመጡልኝ። ትእዛዙ ሁሌ አንድ ነው፦ «ሆድ የሚያባባ ይሁን»። የቤት ኪራይ የከፈልኩት በሱ ነው። እጄ ያኔ የለመደውን ይመስለኛል የሚያደርገው፤ አሮጊትና በር ሲያይ ክር ያላላል። ወይም… አላውቅም፣ ምክንያት እየፈለግኩ ይሆናል።

ሰሞኑን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ነው የምሰማው። በ2020 የወጣው የጋረት ብራድሊ ዶክመንተሪ አለ አይደል፣ «ታይም»? አሜሪካ ውስጥ ባሏ 60 ዓመት የተፈረደበት ሴት፣ ልጆቿን እያሳደገች እሱን ለማስፈታት ስትታገል። ከስር የእማሆይ ፒያኖ አለ። እማሆይ ያንን ሲጫወቱ ፊልሙ አልታሰበም። ለማንም ፊት ብለው አልሠሩትም፣ ግን ሴትየዋ ላይ ምንም አይጭንባትም። አንዴም «እዘኑላት» አይልም። እኔ ፊታቸውን እያየሁ ሠርቼ ዋሸሁባቸው። ታዲያ ሳያዩ መሥራት ነው የሚሻለው? እንደሱም ማለቴ አይደለም። የኔ ሥራ ማየት ነው።

ዳይሬክተሩን ደወልኩለት። የምስሉ ቅንብር ተዘግቷል፣ ድምፁ ተደባልቋል፣ ግን «ከፈለግሽ እስከ ሐሙስ» አለኝ። ሁለት ክር ማጥበቅ ነው፤ የአንድ ሰዓት ሥራ። ወይ ጭራሽ ማውጣት።

ግን ቆይ… ትናንት ማታ ነው የመጣብኝ። የልጅ ልጃቸው ያን ቀን መጥታ ነበር? አልጠየቅኳቸውም። «ትመጣለች ብዬ» ነው ያሉት። እና ካልመጣች…

ሐሙስ ነገ ወዲያ ነው። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፣ በራቸው ላይ ካገኘኋቸው…