ታንኳ ያርፋል፣ ካሜራ ማኑስ?

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ያለሁት ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ንፋሱን ቻሉት። የዛሬ ወሬያችን ስለ ቀረጻ ሠራተኞች እረፍትና መብት ነው።

ሪያሊቲ ሾው ስታዩ ተወዳዳሪው ሲያለቅስ ታያላችሁ። ጀልባው ጫፍ ላይ ቆሞ የማይኩን ዘንግ ከፍ አድርጎ የያዘውን ልጅ ግን አታዩትም። እጁ ይንቀጠቀጣል። ዝቅ ካደረገው ማይኩ ምስሉ ውስጥ ይገባና "ይደገም!" ይባላል። እንባ ይደገማል እንዴ? ይደገማል ባካችሁ፣ እሱን ሌላ ቀን።

አሁን ያቺን ታንኳ እዩልኝ። ከደንገል፣ ውሃ ዳር ከሚበቅለው ተክል ነው የምትሠራው፣ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ባለቤቷ ሥራ ሲጨርስ ውሃ ላይ ጥሏት አይሄድም። ጎትቶ ያወጣታል፣ ያቆማታል፣ ፀሐይ ይመታታል። ሳትደርቅ ደግሞ ከጫነባት ትከብዳለች፣ ትበሰብሳለች። ይሄን ለታንኳ ቀዛፊ ማንም አይነግረውም፣ ያውቀዋል። የኛ ፕሮዲውሰር ግን ከንጋት ጀምሮ የቆመውን ካሜራ ማን እኩለ ሌሊት ላይ "አንዲት ሾት ብቻ" ይለዋል። ማታ ደግሞ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ፣ ፋይል መገልበጥ አለ። ታንኳዋ ተሽላ አደረች እኮ!

ሕጉ? ቶሎ ቶሎ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ክፍያው በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ ሲሰላ፣ ቀን አንድ ተኩል፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት እረፍት ቀን እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። አለቀ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁን አድርጉ።

ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ የምትጽፉት ነገር አለ፣ "እኛ ውል አልፈረምንም፣ ፍሪላንስ ነን፣ ሕጉ አይመለከተንም።" ኧረ ተው! የቃል ውልም ውል ነው። አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ ሊሰጣችሁ ይገባል። አልሰጠም? ጥፋቱ የሱ ነው፣ መብታችሁ አይቀርም። በእርግጥ የራሱን ዕቃ ይዞ፣ በራሱ ሰዓትና በራሱ መንገድ ሠርቶ የሚያስረክብ ሰው ሌላ ነው። አንተን ግን "11 ሰዓት ጀልባው ጋ ተገኝ" እያሉህ፣ የምትቆምበትን ቦታ እንኳ እየመረጡልህ፣ ደመወዝ እየከፈሉህ፣ ምኑ ነው ፍሪላንስነቱ? ጀልባው ላይ ተንሸራተህ እጅህ ቢሰበርም "የራስህ ጉዳይ ነው" ማለት አይችሉም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው።

እና ማታ ማታ በቴሌግራም የሚላክላችሁን የጥሪ ሰዓት አታጥፉት። ስክሪንሹት አንሱና ለራሳችሁ ላኩት፣ ማስረጃችሁ ነው።